ጥለቱ ወደ ላይ የሆነ ነጠላ

የካሜራ ክፍሉ የተከፈተ ሰሞን ለሦስት ሳምንት ደጁን አልረገጥኩም። ንዴት ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። መርካቶን በእግሬ ስዞር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ የቀረኝ ፖሊስ ነኝ። የትኛው መተላለፊያ በየትኛው ጓሮ እንደሚወጣ፣ የትኛው ነጋዴ በምሳ ሰዓት የት እንደሚጋደም፣ የትኛው ተሸካሚ «ዞር በሉ» ሲል የምሩን እንደሆነና የትኛው ለወጉ እንደሚል በቃሌ ነው። ታዲያ ግድግዳ ሙሉ ስክሪን ሰቅለው «ከእንግዲህ መርካቶን ቁጭ ብለን ነው የምናያት» ሲሉኝ ምን ልበል? «እሰይ፣ የበርበሬ በረንዳንም ከዚሁ ሆናችሁ አስነጥሱልኝ» አልኳቸውና ጫማዬን አጥብቄ ወጣሁ።

የክፍሉ ተረኛ እኩያዬ ነው። ስንቀጠር አብረን ነው የተቀጠርነው፤ ብዙ ዘመን አብረን ዞረናል። ጉልበቱ ሲያስቸግረው ሥልጠና ወሰደና ስክሪኖቹ ፊት ተቀመጠ። አሁን ሻዩን ይዞ ሶማሌ ተራን እያየ «ዛሬ ከሰዓት ይጨናነቃል» ይለኛል፣ የአየር ትንበያ እንደሚያነብ ሰው። እኔ ላቤን እየጠረግሁ ስገባ ደግሞ «አይቼሻለሁ፣ ጥጉ ጋ ቆመሽ ብርቱካን ስትበዪ ነበር» ይላል። እወደዋለሁ፤ ግን እንደሱ የሚያናድደኝ ሰው የለም።

ሐቁን ልናገር ካልኩ ካሜራው ብዙ ጭቅጭቅ ቀንሶልናል። ድሮ ሁለት ሰዎች መኪና ተጋጭተው ሲመጡ ሁለቱም በእናታቸው ይምላሉ። የማን እናት ትበልጣለች ብዬ ልፍረድ? አሁን ምስሉ ይከፈትላቸውና ዝም ይላሉ። አንዱማ ራሱን ሳያውቀው «ኧረ ይሄ ሰውዬ ምን ነካው፣ ዓይን የለውም እንዴ?» አለ፤ ባለቤቱ ናት ክርኑን ጎሸም አድርጋ «አንተ ነህ» ያለችው። እኔ ጥርሴን ነክሼ ሳቄን ያዝኩ።

ያልታረቅኩት ከታብሌቱ ጋር ነው። አቤቱታ በወረቀት መቀበል ቀረና በታብሌት ሆነ። ቀይ ምልክት ያለበት ቦታ ሁሉ ካልተሞላ ወደሚቀጥለው ገጽ አያልፍም። የጠፋ ሰው ለማስመዝገብ የሚመጣን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «የጠፋው ሰው ስልክ ቁጥር።» ስልኩ ቢነሳ እኔ ጋ ምን አመጣው? ይህን ለአለቃዬ ብነግረው «አስተያየትሽን በሲስተሙ ላኪ» አለኝ። ሲስተሙ ደግሞ አስተያየት ለመላክ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ተውኩት።

ክፍሉ በተከፈተ በሦስተኛው ሳምንት፣ ጥምቀት አራት ቀን ሲቀረው ነው እንግዲህ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ሸማ ተራ ሱቅ ሳይኖረው አልቀረም። በዚያ ሰሞን ተራው መላወሻ የለውም። ሴቱ ሁሉ ነጭ ለብሶ ሌላ ነጭ ሊገዛ ይመጣል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት ጣቢያችን ሮጣ ገባች። ነጠላዋ አንድ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፣ ስልኳን በሁለት እጇ ጨብጣለች።

«እናቴ ጠፋችብኝ» አለችኝ። «እህቴ፣ በእመቤቴ ቶሎ በይልኝ። ስኳር አለባት። ጠዋት መርፌዋን ወግቻታለሁ፣ ቁርሷን ግን በቅጡ አልበላችም። ሁለት ጉርሻ ቀመሰችና ገበያው ሳይሞላ እንሂድ ብላ አጣደፈችኝ። እዚያው አንድ ነገር እናበላታለን ብዬ ነበር። ካልበላች ትወድቃለች። ደግሞም ትረሳለች፤ ቤቷ የት እንደሆነ አትነግራችሁም፣ ስልክ የላትም።»

የስኳርን ነገር እኔም በአባቴ አይቼዋለሁ። መርፌው ገብቶ እህል ካልተከተለው መጀመሪያ ላብ ይመጣል፣ ቀጥሎ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ ሰውዬው ዝም ይላል። መርካቶ መሐል ዝም ያለች አሮጊት ብትቀመጥ የደከማት ነው የሚመስለው፤ ማንም አይቀሰቅሳትም። ታብሌቱን ከፈትኩ። የጠፋው ሰው ስልክ ቁጥር፣ አለኝ። ታብሌቱን አጠገቤ ለነበረው ባልደረባ አቀበልኩትና «አንተ ሙላው፣ የፈለግከውን ቁጥር አስገባ» ብዬ ሴትየዋን ክንዷን ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ የካሜራ ክፍሉን በር ገፋሁ። የስክሪኖቹ ተረኛ ባልደረባዬ ከወንበሩ ዞሮ አየኝ። ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር፤ የሴትየዋን ፊት ሲያይ ዘጋው።

«ምን ለብሳለች?» አላት።

«የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ጥለቱ አረንጓዴ።»

ፕሮግራሙ የልብስ ቀለም ይመረጥለትና ያንን የለበሰውን ሰው ሁሉ በአረንጓዴ ሳጥን ይከባል። ነጭ ብሎ መረጠለት። ስክሪኑ ሳጥን በሳጥን ሆነ። ገዢዋም ሻጯም በሳጥን ተከበበች፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቀሚስ ሳይቀር ተከበበ። ባልደረባዬ አገጩን አሸት አሸት አድርጎ «ይሄ ወተት ውስጥ ሽበት እንደመፈለግ ነው» አለ። እኔ በሆዴ ብቻ ነግሬህ አልነበር አልኩ፤ ሴትየዋ እያየችን ነው።

«የት ቦታ ነው የተለያያችሁት?» ብሎ ጠየቃትና ምስሉን ወደ ሦስት ሰዓት መለሰው። አንድ የጥበብ ሱቅ ደጃፍ። ልጅቷ ስክሪኑ ላይ ራሷን አገኘች፤ ከጎኗ አጠር ያሉ፣ ቡኒ ሹራብ ላይ ነጠላ የደረቡ እናት አሉ። እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ከዚያ ልጅቷ ስልክ አወጣች።

«ከመሥሪያ ቤት ነበር» አለችን ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «ጫጫታው አላሰማ አለኝ። በአንድ እጄ ስልኩን ያዝኩ፣ በሌላው ጆሮዬን ደፈንኩ። እሷን የያዝኳት በዚያኛው እጄ ነበር።»

ምስሉ ያለችውን ሁሉ ያሳያል። እጇን ለቀቀች፣ ጆሮዋን ደፈነች፣ ዞር ብላ ማውራት ጀመረች። በመሐል አንድ ተሸካሚ ግዙፍ የጨርቅ ቦንዳ ጭኖ መጣ፤ ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለና እናትየው ከወዲያኛው ጋር ተገፉ። ቦንዳው ሲያልፍ ሰው ተመልሶ ሞላ። እናትየው ቆመው ዙሪያቸውን አዩ። አፋቸው ይከፈታል ይዘጋል። ካሜራው ድምፅ የለውም።

«እኔን ነው የምትጠራው» አለች ልጅቷ። «ስሜን ነው የምትጠራው።»

አራት ጊዜ ተጣሩ፤ ቆጥሬያለሁ። ከዚያ ከስክሪኑ ወጡ። ሲስተሙ በሚቀጥለው ካሜራ ላይ አግኝቻቸዋለሁ ብሎ ሳጥኑን አንዲት ሴትዮ ላይ ለጠፈና ይከተል ጀመር። እኛም ተከተልን። ሴትዮዋ እስከ ታክሲ ወረፋ ሄደች። እዚያ ላለው ተረኛ በሬዲዮ ነግረን ሲደርስባት «እኔ መች ጠፋሁ? ባሌ ነው የላከህ?» ብላ አፋጠጠችው። በሌላ ቀን ቢሆን ለሳምንት የምንስቅበት ነበር። ያኔ ግን አሥር ደቂቃ ቆጥሮብናል። ልጅቷ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፣ እኔም እሷን ላለማየት ወደ ስክሪኖቹ ዞርኩ።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ከታች ጥግ ላይ ባለች፣ የዚያኑ ሰዓት ምስል በምታሳይ ትንሽ ስክሪን፣ ሸማ ተራው አልቆ ወደ በርበሬ በረንዳ በሚታጠፍበት፣ አንዲት ሴት ግድግዳ ተጠግታ ቆማለች። ነጠላዋን ከላይዋ አነሳች። አራገፈችው። ገለበጠችውና ጥለቱን ወደ ላይ፣ አንገቷ ሥር አድርጋ መልሳ ለበሰችው።

«አቁምልኝ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ይቺ ሴት ሰው ሞቶባታል።»

ልጅቷ ቀና ሳትል «እንግዲያማ እናቴ አይደለችም» አለች። «ማንም አልሞተብንም። ሟርት አትናገሪብኝ እህቴ።» ባልደረባዬ ግን ምስሉን አቀረበው። ከነጠላው ሥር ቡኒ ሹራብ ብቅ አለ፤ አንዱ እጅጌ ታጥፏል፣ አንዱ ተዘርግቷል። ልጅቷ አፏን ያዘች። «የኔ ሹራብ ነው። እሷ ናት። ግን ማን ሞተባት?»

ባልደረባዬ ፕሮግራሙ ላይ ወዲያ ወዲህ ፈለገ። ነጭ አለ፣ ጥቁር አለ፣ ረጅም አለ፣ አጭር አለ፣ ቦርሳ የያዘ ሁሉ አለ። የተዘቀዘቀ ነጠላ የሚባል ምርጫ ግን የለም። ሲስተሙን የሠሩት ሰዎች ለቅሶ ቤት ሄደው አያውቁም መሰለኝ። «ተወው፣ ሳጥኖቹን አጥፋቸው» አልኩት። አጠፋቸው። ሦስታችን ፊታችንን ስክሪኑ ላይ አስጠግተን በዓይናችን መከተል ጀመርን።

ከዚያ ወዲያማ ቀላል ሆነ። ያ ሁሉ ሰው ለበዓል ነው የለበሰው፤ ጥለቱ ከታች ይወዛወዛል፣ በየትከሻው ያበራል። ከዚያ ሁሉ መሐል አንድ ነጠላ ብቻ ለሐዘን ተለብሷል። ከአንዱ ካሜራ ወደ ሌላው ሲያልፉ ወዲያው እንለያቸዋለን። ደግሞ ሰዉ ያሳልፋቸዋል። ያ ሲጋፋና ሲጎነታተል የዋለ ገበያ እሳቸው ጋ ሲደርስ ገለል ይላል፤ አንድ ጋሪ ገፊ እንኳን ጋሪውን አቁሞ ባርኔጣውን አነሳላቸው። በርበሬ በረንዳ መግቢያ ላይ ግን ምስሉ ቀላ ብሎ ደበዘዘ።

«መስታወቱ ላይ ብናኝ ተቀምጦበት ነው» አለ ባልደረባዬ አፍሮ። «ከዚህ ወዲያ አላይልሽም። እንግዲህ እግርሽ ይታዘዝልሽ።»

እግሬማ ደስ አለው። ልጅቷን አስከትዬ በማውቃቸው ጓሮዎች ቆርጬ ሮጥኩ። አራት ሰዓት ተኩል እየቀረበ ነበር። መርፌው ከተወጋ ሁለት ሰዓት አልፎታል። በርበሬ በረንዳ ስንደርስ ልጅቷ እያስነጠሰች «አረጋዊት እናት ያያችሁ፣ ጠይም፣ አጠር ያለች» እያለች ትለምናለች። ማን ልብ ብሎ ይሰማታል? ያንን የሚመስል እናት በየደቂቃው ያልፋል። እኔ ወደ አንዷ ሻጭ ጠጋ አልኩና «ሐዘንተኛ እናት በዚህ አልፈዋል?» አልኳት።

«ውይ፣ እኒያ ምስኪን» አለች ወዲያው። «ከዛላ መደቡ ጀርባ አስቀምጠዋቸዋል። ልጃቸው እኮ ነው የሞተችባቸው።»

ልጅቷ ክንዴን ጨመቀችው። «ያለኋት ልጅ እኔ ብቻ ነኝ» አለችኝ።

ከመደቡ ጀርባ ስንደርስ ለቅሶ ተቀምጧል። የምሬን ነው፤ ድንኳን ብቻ ነው የጎደለው። እናትየው የዛላ በርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ስድስት ሰባት በርበሬ ሻጮች ከበዋቸዋል፣ ሁሉም ዓይናቸው ቀልቶ ያለቅሳሉ፤ ከሐዘኑ ይሁን ከበርበሬው እግዜር ይወቀው። አንድ ሸምገል ያሉ የጉራጌ ነጋዴ ቆባቸውን አስተካክለው ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ። እኔም ገና ስደርስ ዓይኔ እንባ ሞላና ከለቅሶተኞቹ አንዷ መሰልኩ። እናትየው በአንድ እጃቸው ግማሽ ዳቦ፣ በሌላው ሻይ ይዘዋል። ብርጭቆው ሥር ያልሟሟ ስኳር ተኝቷል።

«በልተዋል?» አልኩ፣ ሰላምታ እንኳን ሳልሰጥ።

«በግድ ነዋ» አለች አንዷ ወፍራም ሻጭ፣ አፍንጫዋን በመቀነቷ ጫፍ እየጠረገች። «ልጄ ሞታ እህል በአፌ አይዞርም አሉን። ሐዘንተኛ ባዶ ሆዱን ይውላል እንዴ? ደግሞ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ላብ አጥምቋቸዋል። ሐዘኑ ነው ብለን ዳቦውን እያጎረስን፣ ጋሼ ደግሞ ሻይ ስኳሩን አብዝተው አስመጡላቸው። አሁን ነው ነፍሳቸው መለስ ያለችው።»

አጠገቧ ካለው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኸ ነው። እኒህ እናት ነጠላቸውን እንደ በዓሉ እንደለበሱ በዚህ ቢያልፉ ኖሮ ማን ዞር ብሎ ያያቸው ነበር? «እማማ፣ መንገዱን አይዝጉብን» ይባሉና ያልፉ ነበር። ሐዘንተኛ ናቸው ተብሎ ነው ሰው የተሰበሰበው፣ እህል ካልቀመሱ ተብለው የተለመኑት። ላልሞተ ሰው የተለበሰ ሐዘን እናትየውን አተረፋቸው።

ልጅቷ ግን ቆማ ቀርታለች፣ መቅረብም አቃታት። ወፍራሟ ሻጭ አየቻትና «ነይ እህቴ፣ አንቺም ቁጭ በይ» አለቻት። «አንድ ልጃቸው ናት የሞተችባቸው፣ አጽናኚያቸው።»

«ልጃቸው እኔ ነኝ» አለች።

ሻጯ አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ እናቷን አየች። «ሌላ ልጅ አለዎት እማማ?» ብላ ጠየቀች። «የለኝም» አሉ እናትየው። ነጋዴው ዱዓቸውን አቋርጠው ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱና «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ቀጥለውም ወደ ሴቶቹ ዞረው «እናንተ ሟችን በቁሟ የቀበራችሁ፣ በሉ አሁን ለደስታው ሌላ ሻይ ይምጣ» ሲሉ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፈነዱ። እንባቸውን ሳይጠርጉ ነው የሳቁት። አንዷማ «ደረቴን የደቃሁት በከንቱ ነዋ» እያለች ልጅቷን ታገላብጥ፣ ትስም ጀመር።

እናትየው ብቻ አልሳቁም። ሻዩን አስቀምጠው እጃቸውን ወደ ልጃቸው ፊት ላኩ። ጉንጯን ዳሰሱ፣ ግንባሯን ዳሰሱ። «የት ነበርሽ?» አሏት።

እኔ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምናልባት ያን ያህል ስላስሮጡኝ፣ አላስችል አለኝና ጣልቃ ገባሁ። «እማማ፣ ልጅዎ ሞተች ብሎ ማን መርዶ ነገረዎ?» አልኳቸው።

ነገሩ ያልገባት ሞኝ እንደሆንኩ ሁሉ በእርጋታ አዩኝ። «ማን ይነግረኛል ልጄ?» አሉኝ። «እጄን ለቀቀች። ብጠራት ብጠራት አልመጣችም። በሕይወት ብትኖር እኔን ጥላኝ ትሄዳለች?»

ልጅቷ እዚያው በርበሬ በፈሰሰበት ሲሚንቶ ላይ ተንበረከከችና ፊቷን እናቷ ጭን ውስጥ ቀበረች። እናትየው ጀርባዋን ይመታሉ፣ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው በቀስታ። እኔ ደግሞ ሬዲዮዬ ጮኸ። ታብሌቱን ያቀበልኩት ባልደረባ ነው፤ የሚሞላ ቀርቶታል። «ሳጅን፣ የጠፋችው ተገኘች ወይ? መዝጋት አለብኝ» ይላል።

እናትየው ድምፁን ሰሙና እጃቸውን ከልጃቸው ጀርባ ሳያነሱ ቀና አሉ።

«ተገኝታለች በይው» አሉኝ። «ይቻትና፣ እጄ ላይ ናት።»

እንዳሉኝ ነገርኩት።